ብዕሩ ያማረ፣ ያላየው የበዛ ግለ ታሪክ እንዴት ይዳሰሳል?

እንዲህ ያለ መጽሐፍ ላይ የሚጻፍ ዳሰሳ በአብዛኛው የሚበላሸው በቅርጹ ነው። ሦስት አንቀጽ ውዳሴ ይመጣል፣ «ይሁን እንጂ» ይከተላል፣ ከዚያ አንድ አንቀጽ ወቀሳ። ውበቱና ጉድለቱ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ገጽ ላይ ተቃቅፈው ነው የሚገኙት፤ ሥራው እነዚያን ገጾች መፈለግ ነው።

መጽሐፉን ሁለት ጊዜ ያንብቡ። መጀመሪያ ያለ እርሳስ፣ ቋንቋው የወሰደዎ ድረስ ይውሰድዎ። በሁለተኛው ንባብ ኅዳጉ ላይ ሁለት ምልክት ብቻ ያድርጉ፤ ለማረከዎ ቦታ ጭረት፣ ለጎረበጠዎ ክብ። ጭረትና ክብ አብረው ያረፉባቸውን ገጾች ለብቻ ይመዝግቡ። ሦስት አራት ካገኙ ለአንድ ዳሰሳ ይበቃል።

ቀጥሎ በመጽሐፉ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ይዘርዝሩ። በእያንዳንዱ ፊት አራት ጥያቄ ይጻፉ፦ ስም አለው? በራሱ አንደበት ይናገራል? ኑሮው ምንድን ነው? መጨረሻው ምን ሆነ? ምዕራፍ ሙሉ ስትላላክ የምትታየው የቤት ሠራተኛ አንድ ቃል ካልተነፈሰች፣ ባዶው ቦታ ራሱ ማስረጃ ነው።

ግሶቹም ይመርመሩ። «መሬቱ ተወሰደ» ሲል፣ ማን ወሰደው? ዜማ ያለው ዐረፍተ ነገር ጆሮን ስለሚያዘናጋ አድራጊው መጥፋቱ አይታወቅም። ዐረፍተ ነገሩን በተራ ቃላት፣ አድራጊውን አስገብተው ይጻፉት። ያን ጊዜ ለማንበብ የሚከብድ ከሆነ የያዙት ነገር አለ።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ግን ይኼ ነው፦ ደራሲው አላየም ወይስ አይቶ አለፈ? ዴንማርካዊቷ ደራሲ ካረን ብሊክሰን በኬንያ፣ ንጎንግ ኮረብቶች ግርጌ ስለነበራት የቡና እርሻ የጻፈችውን «Out of Africa» የተሰኘ ግለ ታሪክ እንውሰድ። ኬንያን የለቀቀችው በ1931 እ.ኤ.አ.፣ መጽሐፉ የታተመው በ1937 ነው። የአገሬውን ሰው ከዱር እንስሳት ጋር ማነጻጸሯ ብዙ አንባቢን ይጎረብጣል፤ ቢጎረብጥም ተገቢ ነው። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ግን፣ እርሻው ላይ በጥገኝነት የሚኖሩት ሰዎች ብዙዎቹ ከአባቶቻቸው ጀምሮ እዚያው የተወለዱ በመሆናቸው፣ እሷኑ እንደ ከፍ ያለ ጥገኛ ሳይቆጥሯት እንደማይቀሩ ትጽፋለች። ስለዚህ «አልገባትም» የሚል ሃያሲ መጽሐፉን በደንብ አላነበበም። ገብቷት ቀጥላለች፤ ወቀሳው የሚከብደውም በዚህ ነው። «የዘመኑ ሰው ናት» የሚለው ማስተባበያም እዚህ ላይ ይላላል።

ሲጽፉ ጥቅሱን ሙሉ ያድርጉት። ግማሹን ቆርጦ ማስቀመጥ ደራሲን ማስከሰሻ ቀላል ዘዴ ነው፣ መጽሐፉን የያዘ አንባቢ ግን ወዲያው ይደርስበታል። ስለ ደራሲው ልብ አይገምቱ፤ ገጹ ላይ ያለው ይበቃል። ትርጉም ከሆነ ያነበቡት፣ የቋንቋውን ውበት ለደራሲው ብቻ አይስጡ፤ የተርጓሚው ድርሻም አለበት።

በኮከብ ይመዝኑ ከተባሉ፣ ኮከቡ ለምን እንደተሰጠ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይግለጹ። ያለዚያ ለብዕሩ የሰጡት አራት ኮከብ ለአመለካከቱም እንደተሰጠ ይቆጠራል።