ቤት ሳይኖር በማሽን ዋስትና ብድር እንዴት ይጠየቃል?

«ቤት አለዎት?» የሚለው ጥያቄ ስንቱን ባለሙያ ከባንክ በር መልሶታል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ወዲህ ግን ማሽን፣ የመጋዘን ዕቃ፣ ከብት፣ ሰብል፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ ገንዘብ ሳይቀር ለብድር ዋስትና ሊሆን ይችላል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መያዣ የሆነ ዕቃ በመርሕ ደረጃ ለአበዳሪው መተላለፍ ነበረበት። የእንጨት መላጊያው ተወስዶበት አናጢው በምን ሠርቶ ዕዳውን ይክፈል? አሁን ማሽኑ ሥራውን ይቀጥላል፤ የአበዳሪው መብት ብሔራዊ ባንክ በሚያስተዳድረው የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

የታደሰ ንግድ ፈቃድና የግብር ማስረጃ ይያዙ።

ቀጥሎ ማሽኑ የእርስዎ መሆኑን ያረጋግጡ። የአነስተኛ ድርጅቶችን ሂሳብ ስሠራ ብዙዎች ሲሰናከሉ የማየው እዚህ ላይ ነው። አዲስ ከሆነ የግዥ ደረሰኙ፣ ከውጭ ከገባ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ይበቃል። ችግሩ ከተዘጋ ወርክሾፕ በቃል ስምምነት የተገዛው ነው። ሻጩን ፈልጉት፤ የሽያጭ ውል ተዋዋሉና በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡት። «ደረሰኝ ላሠራልዎ» የሚል ደላላ ከመጣ በሩን ይዝጉበት፤ ሐሰተኛ ሰነድ ብድር ከማሳጣት አልፎ ያስከስሳል።

ከሞተሩ አጠገብ የተለጠፈችውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ በጨርቅ ወልውለው ፎቶ ያንሷት። አብዛኛውን ጊዜ ቅባትና ብናኝ ስለሚሸፍናት ትረሳለች፤ የማሽኑ መለያ ቁጥር ያለው ግን እሷ ላይ ነው። ቁጥሩ በውሉ፣ በደረሰኙና በመዝገቡ ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ያገለገለ ማሽን የሚገዙ ከሆነ ደግሞ ቀድሞ በሻጩ ዕዳ እንዳልተያዘ መዝገቡን ያስፈትሹ። የዋስትና መብት ንብረቱን ተከትሎ ሊመጣ ይችላል።

የዕለት ሽያጭዎን በባንክ ሂሳብ ያሳልፉ። አበዳሪ ማሽኑን ሸጦ ገንዘቡን ለማስመለስ አይጓጓም፤ የሚፈልገው በየወሩ የሚከፈለው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ማየት ነው።

ማመልከቻዎን በጽሑፍ ያስገቡ፤ ዋስትናው የሚንቀሳቀስ ንብረት መሆኑንም በግልጽ ያስፍሩ። አዋጁ ይፈቅዳል እንጂ እያንዳንዱን ብድር እንዲሰጥ አበዳሪን አያስገድድም፤ አንዱ እምቢ ካለ ወደ ሌላ ባንክ ወይም ማይክሮ ፋይናንስ ይሂዱ። በእኔ እምነት ፖሊሲው ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ማሽን መገመት የሚችል ባለሙያ በየቅርንጫፉ ካልተመደበ የብድር ሠራተኛው ወደለመደው ቤትና መሬት መመለሱ አይቀርም።

ከመፈረምዎ በፊት የዋስትናውን ዝርዝር ደጋግመው ያንብቡ። ሕጉ ወደፊት የሚያፈሩትን ንብረት ጭምር በዋስትና ማስያዝን ይፈቅዳል። ለአንድ መላጊያ ማሽን ብድር ብለው ያለዎትንና የሚያፈሩትን ሁሉ ካስያዙ፣ ነገ ሌላ አበዳሪ ሲቀርቡ ቀድሞ የተመዘገበው ቅድሚያ ስላለው ሁለተኛው ያመነታል። ማሽኑ ብቻ በመለያ ቁጥሩ እንዲጻፍ አጥብቀው ይጠይቁ።

ጭራሽ ማሽን ከሌለዎት የሊዝ ፋይናንሲንግ ይሻላል። በአዋጅ ቁጥር 103/1990 መሠረት አከራዩ ማሽኑን ገዝቶ ያከራይዎታል፤ ባለቤትነቱም ክፍያው እስኪያልቅ የእሱ ነው፤ ስለዚህ ማሽኑ ራሱ እንደ ዋስትና ያገለግላል።

ዕዳው ተከፍሎ ሲያልቅ የክፍያ ማረጋገጫ ደብዳቤ ተቀብለው ብቻ አይሂዱ። አበዳሪው ምዝገባውን ከመዝገቡ ማሰረዙን የሚያሳይ ማስረጃ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።