ኮርቻ ሠሪውና ወጌሻው ከመምጣታቸው በፊት፦ የፈረስ ጀርባ ችግርና መፍትሔ

ጥር 23 ሲቃረብ እንጅባራ ላይ የሚወራው የፈረስ ነገር ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ስለሆነ ልጓሙ ይወለወላል፣ ግላሱ ይታጠባል፣ ኮርቻው ይጠገናል። በዚያ ሰሞን ኮርቻ ሠሪ ዘንድ ወረፋ አለ። እኔን የሚያሳስበኝ ከበዓሉ በኋላ ያለው ነው። ጀርባው የተላጠ ፈረስ ሳይ አንጀቴን ይበላኛል።

ጥፋቱን ሁሉ ኮርቻ ሠሪው ላይ መጣል ደግሞ ልክ አይደለም። እሱ የሚለካው እኛ ያቀረብንለትን ፈረስ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዳማ ፈረሴን ሁለት ሰዓት ሙሉ እየጋለብኩ ወደ አንድ ኮርቻ ሠሪ ወሰድኩት። ላቡ ሳይደርቅ ተለካ። ኮርቻው ልክክ አለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስጭነው ግን ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ነገሩ ቆይቶ ነው የገባኝ። ሲሠራ የቆየ ጡንቻ ደም ይሞላል፣ ጀርባውም ለጊዜው ይሰፋል። ሲያርፍ ይመለሳል። ያን ቀን የተለካው የደከመ ጀርባ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለኮርቻ ሠሪውም ሆነ ጀርባውን ለሚያሸው ወጌሻ ቀጠሮ የምዘጋጀው ፈረሱ ራሱ በሚያሳየው ምልክት ነው። የማውቀውን ልንገራችሁ።

ኮርቻ ሲያይ ጆሮውን ወደ ኋላ ይጥላል፣ ሆዱ ሲታሰር ሊነክስ ይዞራል

ብዙ ሰው "ክፉ ሆነብኝ" ይላል። ፈረስ ግን ያለ ምክንያት ክፉ አይሆንም። አንዱ ምክንያት ጀርባው ላይ የቆየ ሕመም ነው። ሌላው የሆድ ጠፍሩ በአንድ ጊዜ ጥርቅም ተደርጎ መታሰሩ ነው። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው የጨጓራ ቁስለት ነው። የፈረስ ጨጓራ ቀኑን ሙሉ አሲድ ያመነጫል፣ ሳር ካልገባበት ራሱን ያቃጥላል። ግማሽ ቀን ባዶ ሆዱን ታስሮ የዋለ ፈረስ ሆዱን ስታስሩት ቢቆጣ አይፈረድበትም።

ከመጫናችሁ በፊት ትንሽ ድርቆሽ ስጡት። ጠፍሩን በሦስት ጊዜ እሰሩ፤ መጀመሪያ ላላ አድርጋችሁ፣ ጥቂት እርምጃ አስኪዳችሁ ደግሞ ጠበቅ፣ የመጨረሻውን ከመውጣታችሁ በፊት። ከፊት እግሩ ክርን ጀርባ ያለውን ቆዳም እዩ። ጠፍሩ የሚያሸው እዚያ ነው።

ከቀጠሮው ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ ደግሞ ጀርባውን በእጃችሁ ዳሱ። ከጋማው መጨረሻ ካለው ጉብታ ጀምራችሁ፣ ከአከርካሪው አራት ጣት ያህል ራቅ ብላችሁ፣ በጣቶቻችሁ ሆድ ቀስ እያላችሁ ወደ ወገቡ ውረዱ። በጥፍር አትቆንጥጡ፤ ጤነኛም ፈረስ ሲቆነጠጥ ይሸሻል። ዓይናችሁ ጆሮውና ጭራው ላይ ይሁን። ቆዳው የሚንቀጠቀጥበት፣ ጀርባውን ዝቅ የሚያደርግበት ወይም ትንፋሹን የሚይዝበት ቦታ ካለ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ሦስቱንም ቀን እዚያው ቦታ ላይ ከደነገጠ አጋጣሚ አይደለም። ለባለሙያው የምትነግሩት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

ኮርቻው ሲወርድ ላቡ መሃል ደረቅ ቦታ ይታያል

ፈረስ በደንብ ሠርቶ ኮርቻው ሲነሳ ከሥሩ ያለው ላብ በሁለቱም ጎን ተመሳሳይ መሆን አለበት። ዙሪያው ረጥቦ መሃሉ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያክል ደረቅ ቦታ ካያችሁ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ኮርቻው እዚያ ጋ ጨርሶ አይነካውም፣ ወይ አለመጠን ይጫነዋል። ከመጠን በላይ የተጫነ ቆዳ ደም በደንብ አያገኝም፤ የላብ ዕጢውም ሥራ ያቆማል። ለመለየት ኮርቻውን መልሳችሁ አስቀምጡና ከሥሩ ጣታችሁን አስገቡ። ክፍተት ከሌለና ቦታው ሲነካ ከሸሸ ጫና ነው።

ነጭ ጠጉር ደግሞ የዱሮ ጉዳት ማስረጃ ነው። ዳማ ወይም ጥቁር ፈረስ ጀርባው ላይ ጣል ጣል ያለ ነጭ ጠጉር ካበቀለ፣ ከወራት በፊት ቆዳው ተጎድቶ ቀለም ሰጪው ጠፍቷል ማለት ነው። አሁን ላያመው ይችላል። ሻጭ "ሲወለድም እንዲህ ነው" ቢላችሁ የኮርቻውን ቅርጽ ከነጩ ጠጉር ጋር አስተያዩ። በሁለቱም ጎን ትይዩ ከሆነ ኮርቻ ነው።

ለዚህ ሁሉ የምወደው ፍተሻ የአቡጀዲ ነው። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነጭ አቡጀዲ ግዙ። ፈረሱን በጥቂቱ ቦርሹት፤ ትንሽ አቧራ ቢቀር ይጠቅማል። አቡጀዲውን ጀርባው ላይ ዘርጉና ኮርቻውን በላዩ ጫኑ፣ ሌላ ንጣፍ አታድርጉ። ለሃያ ደቂቃ በእርምጃና በሶምሶማ ሂዱ። ስታወርዱ ጨርቁን ሳታጥፉ መሬት ላይ ዘርጉት። ጠቆር ያለው ኮርቻው ከባድ የሆነበት ነው። ነጣ ያለው ያልነካበት ነው። የተሸበሸበው ኮርቻው የተንሸራተተበት ነው። የኔ ዳማ ጨርቅ ላይ በግራ ትከሻው በኩል እንደ ሳንቲም የጠቆረ ክብ ነበር። ኮርቻውን ገልብጬ ባየው የእንጨቱ ጠርዝ ቆዳውን ገፍቶ ወጥቷል። በዓይን አይታይም ነበር፣ በጣት ግን ይያዛል። ጨርቁን ፊትና ኋላውን ጽፋችሁበት ለኮርቻ ሠሪው ስጡት። ከብዙ ወሬ ይሻለዋል።

ኮርቻው ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። ኮርቻው ይሞላል፣ ይፈታል፣ ይቀየራል፤ ተመልሶ ያው ነው። ከኮርቻው በፊት የኋላ እግሩን አስመርምሩ። አንድ የኋላ እግሩን የሚያመው ፈረስ ጀርባውን እኩል አያንቀሳቅስም፣ ኮርቻውም ይንሸራተታል። ማነከሱ እንኳን በዓይን ላይታይ ይችላል።

በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። ጠንካራና ደልዳላ መሬት ላይ አንድ ሰው በገመድ ይዞት ቀጥ ብሎ ይሂድ፣ ይመለስ። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ። ከኋላ ስትቀርጹ የዳሌው ሁለት ጫፎች እኩል ይወጣሉ ይወርዳሉ ወይ የሚለውን እዩ። እኩል ካልሆኑ ኮርቻ ሠሪው ይቆይ፣ የእንስሳት ሐኪም ይቅደም። ቢሾፍቱ አካባቢ ያላችሁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቅርባችሁ ነው።

ጋላቢው ራሱም ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሁለቱን እርካቦች ለኩ። አንዱ ሁለት ጣት ካጠረ ፈረሱ ቀኑን ሙሉ የተዛባ ሰው ተሸክሟል። በቀጠሮው ቀን ፈረሱን የሚጋልበው ሰው ራሱ መገኘት ያለበትም ለዚህ ነው። ቀላሉን ልጅ አስቀምጦ አባቱ ለሚጋልበው ኮርቻ መለካት አይሆንም።

ኮርቻው አከርካሪው ላይ ይተኛል

የኛ አገር ኮርቻ ውስጡ እንጨት ነው፣ በቆዳ ይለበጣል። እንጨቱ መተኛት ያለበት ግራና ቀኝ ባለው ጡንቻ ላይ ነው። መሃሉ ሦስት ወይም አራት ጣት ያህል ክፍት ይሁን፣ አየርና ብርሃን ከፊት እስከ ኋላ ይለፍበት። ሰው ተቀምጦበት ከፊት ጉብታው ላይ ቢያንስ ሁለት ጣት መግባት አለበት። የኮርቻው ፊት ከትከሻ አጥንቱ ኋላ ይቀመጥ። ኋላው ደግሞ ከመጨረሻው ጎድን አይለፍ፤ ከዚያ ወዲያ ክብደት የሚሸከምለት ጎድን የለም። ንጣፍ ማወፈር መፍትሔ አይደለም። ጠባብ ጫማ ላይ ወፍራም ካልሲ እንደ መጨመር ነው።

ኮርቻ ሠሪው ሩቅ ነው፣ ፈረሱን መውሰድ አይቻልም

አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን፣ በእጅ የሚታጠፍ ግን ቅርጹን የማይለቅ ወፍራም ሽቦ ፈልጉ። ፈረሱ አራቱም እግሩ እኩል ቆሞ፣ አንገቱ ቀጥ ብሎ፣ ሽቦውን ከትከሻ አጥንቱ ሁለት ጣት ኋላ ጀርባው ላይ ተጭናችሁ ቅርጹን አስይዙት። ሳታጣምሙ አንሱና ካርቶን ላይ በእርሳስ ገልብጡት። ሁለተኛውን ኮርቻው መሃል በሚያርፍበት፣ ሦስተኛውን በመጨረሻው ጎድን ላይ ውሰዱ። በየካርቶኑ ላይ "ግራ"፣ "ቀኝ"፣ ቀኑን ጻፉ። ቆርጣችሁ ላኩ። ግራና ቀኙ ልዩነት ቢኖረው አትደንግጡ፤ ብዙ ፈረስ አንዱ ትከሻው ይወፍራል። ግን እንዳለ ይላክ፣ አታስተካክሉት።

ገጣባ አለው

ቀጠሮውን ሰርዙ። በቆሰለ ጀርባ ላይ ኮርቻ አይለካም፣ ወጌሻም አይነካውም። አንድ ሊትር አፍልታችሁ ያቀዘቀዛችሁት ውሃ ላይ ሁለት ያልሞላ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ እጠቡት፣ ዝንብ ጠብቁለት፣ እስኪድን አትጫኑት። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አትቀቡት። በጋለ ብረት አትተኩሱት። እባካችሁ። ቁስሉ ላይ ሌላ ቁስል ከመጨመር በቀር ምንም አይሠራለትም።

እግሩ ወይም ደረቱ ላይ እንደ መቁጠሪያ ተያይዞ የወጣና የሚፈነዳ እብጠት ካለ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በጋሪ ፈረሶች ላይ የሚታወቅ በሽታ ነው፤ በቁስልና በዕቃ ከፈረስ ወደ ፈረስ ይሻገራል። የወጌሻው እጅና የኮርቻ ሠሪው መሞከሪያ ኮርቻ ከእናንተ ቤት ወጥቶ ሌላ ፈረስ ላይ ያርፋል። ስለዚህ አትደብቁ፣ ቀድማችሁ ሐኪም አሳዩ።

በቀጠሮው ቀን አይቆምም፣ ይንቆራጠጣል

አብዛኛውን ጊዜ ርቦታል፣ ወይም ጓደኛውን አጥቷል። ሌላ ፈረስ አጠገቡ እሰሩ፣ ድርቆሽ ስጡ። ከሱ ጋር የሚግባባ አንድ ሰው ይያዘው፣ አምስት ሰው አይክበበው።

ፈረሱ ደረቅና ንጹሕ ይሁን። ጠዋት አጥባችሁ አታቅርቡት፣ እርጥብ ጠጉር ላይ ምንም አይነበብም። ጭቃውን በዋዜማው አራግፉ። ሰኮናው የሚከረከም ከሆነ ከሳምንት በፊት ይሁን፤ አቋቋሙ ስለሚቀየር ሰውነቱ ይልመደው። ቦታው ደልዳላ ይሁን፣ ተዳፋት ላይ የቆመ ፈረስ የተንጋደደ ይመስላል። የምትጠቀሙበትን ንጣፍ፣ ጠፍርና ልጓም ሁሉ፣ ያረጀውንም ጭምር አውጡ። አዲሱን ብቻ ማሳየት ባለሙያውን ያሳስታል። መጀመሪያ አርፎ ሳለ ይታይ፣ ከዚያ ተጭኖና ተጋልቦ ይታይ።

ከታሸ በኋላ ደነዘዘ፣ ወይም ይበልጥ አመመው

በማግሥቱ ትንሽ መድከምና መተኛት የተለመደ ነው። ንጹሕ ውሃ ይኑረው፣ በእጅ ይዛችሁ ሃያ ደቂቃ ያህል አንሸራሽሩት፣ አንድ ሁለት ቀን አትጫኑት። በሁለተኛው ቀን ከባሰበት፣ ካበጠ ወይም መብላት ካቆመ ሐኪም ይየው።

ከመታሸቱ በፊት ሙቀቱን ለኩ። ያረፈ ትልቅ ፈረስ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። ከዚያ ካለፈ እሽት የለም። አዲስ እብጠት፣ የተወጋ ቦታ፣ የከበደች እርጉዝ ባዝራ ካለችም ለወጌሻው አስቀድማችሁ ንገሩት። እጁን እንዴት እንደሚያሳርፍ አጠገቡ ቆማችሁ እዩ። ፈረሱ ዓይኑን ከደን ካደረገ፣ ከንፈሩን ካንጠለጠለ፣ ካዛጋ እየሠራለት ነው። ጥርሱን ገጥሞ አንገቱን ካደረቀ ኃይሉ በዝቷል፤ "ቀስ በልልን" ማለት ነውር የለውም።

ባለፈው ዓመት ልክ የነበረው ዘንድሮ አልሆነም

ፈረስ ከወቅቱ ጋር ይለዋወጣል። ከክረምት ወጥቶ ጥቅምት ላይ ጀርባው የሞላው፣ በበልግ ዋዜማ ሳሩ ሲሳሳ ጎድኑ ይቆጠራል። ገና አምስት ስድስት ዓመት ያልሞላው ደግሞ አጥንቱ ራሱ አልጠናም። ለጥር በዓል የምትዘጋጁ ኮርቻውን ኅዳር መጨረሻ ላይ አሳዩ፤ ለጥገና ጊዜ ይኖራል፣ ጀርባውም ከአዲሱ ጋር ይላመዳል። እኔ የጥቅምቱን ካርቶን ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሚያዝያ ላይ አውርጄ ጀርባው ላይ አስቀምጠዋለሁ። ከሥሩ ጣቴ ከገባ ኮርቻ ሠሪው ዘንድ እደውላለሁ።