ትርፍ የካውንስል መሬት ፓርክ ይሁን ሲባል፦ በነዋሪዎች ምክክር ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እንግሊዝ አገር ካውንስሎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) እጃቸው ላይ የቀረ ቁራሽ መሬት አያጡም። የፈረሰ ጋራዥ፣ በሁለት ሕንፃ መሀል የቀረች ጥግ፣ መንገድ ሲሠራ የተረፈች ሜዳ። አንዳንዱን ይሸጡታል። አንዳንዱን ደግሞ ፖኬት ፓርክ ይሁን ይላሉ። በለንደን የፓርክ ደረጃ አመዳደብ ይህ ከ0.4 ሄክታር በታች የሆነ ትንሽ አረንጓዴ ቦታ ነው፤ በ2012 የከንቲባው ጽሕፈት ቤት 100 ያህሉን ለመሥራት ፕሮግራም ጀምሮ ነበር።

ታዲያ ከመሠራቱ በፊት ነዋሪው ይጠየቃል። ነገሩ የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው። ምክክሩን የምታዘጋጁም ሆናችሁ ደጃፋችሁ ላይ እንዲህ ያለ ቦታ ያላችሁ፣ እነዚህን ልብ በሉ።

ወስኖ መጠየቅ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ፕላኑ ተነድፏል፣ ኮንትራክተሩ ተመርጧል፣ ከዚያ «ሐሳባችሁን ስጡን» ይባላል። ሰርግ ተደግሶ ካለቀ በኋላ ሙሽራይቱን «ትፈልጊዋለሽ ወይ?» እንደማለት ነው። ሰው ሞኝ አይደለም። የቀረለት ምርጫ የአግዳሚ ወንበሩ ቀለም ብቻ መሆኑ ወዲያው ይገባዋል፤ በሚቀጥለው ስትጠሩት አይመጣም።

ነገሩ የጨዋነት ብቻ አይደለም፣ ሕግም አለበት። በ1985 የብሬንት ካውንስል ትምህርት ቤቶችን ስለመዝጋት ባደረገው ምክክር ላይ በቀረበ ክስ አራት መመዘኛዎች ወጡ። ሐሳቡ ገና በጅምር ላይ እያለ መጠየቅ፤ ሰው አስቦ እንዲመልስ በቂ ምክንያት ማስረዳት፤ በቂ ጊዜ መስጠት፤ የመጣውን መልስ ደግሞ ከልብ ማየት። በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሃሪንጌይ ካውንስል ጉዳይ እነዚህኑ አጸናቸው። ካውንስሉ አይቶ የተዋቸውን አማራጮች ለነዋሪው ስላልነገረ ምክክሩ ሕጋዊ አልነበረም ተባለ።

ስለዚህ መሬቱ ላይ ቤት ሊሠራም ታስቦ ከነበረ ይነገር። ይቺ ጥያቄ በተለይ እንግሊዝ አገር ለሚኖረው ለእኛ ሰው ቀላል አይደለችም። የካውንስል ቤት ወረፋ ላይ ዓመታት የቆጠረ ሰው የአበባ ሥዕል ሲያሳዩት ቢናደድ አይፈረድበትም።

የመሬቱን ታሪክ አለማየት

ሽሩዝበሪ ላይ የሆነውን ላንሣ። የከተማዋ ምክር ቤት የቀድሞ የመዝናኛ ሜዳ አካል የነበረ መሬት ለቤት አልሚ ሸጠ። ቦታው ለሕዝብ መዝናኛ በአደራ የተያዘ መሆኑን አላጣራም። ሕጉ እንዲህ ያለ መሬት ከመሸጡ በፊት በአካባቢው ጋዜጣ ለሁለት ተከታታይ ሳምንታት ማስታወቂያ ይውጣ ይላል፤ አልወጣም። አንድ ነዋሪ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ ተከራከረ። በ2023 ፍርድ ቤቱ መሬቱ ቢሸጥም የሕዝቡ መብት አልጠፋም አለ፤ የግንባታ ፈቃዱም ተሻረ። ትርፍ የተባለ መሬት ሁሉ ትርፍ አይደለም።

አፈሩንም አስመርምሩ። የድሮ ጋራዥ ከነበረ ዘይትና እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ከሥሩ የጋዝ ቱቦ ካለፈ ደግሞ ዛፍ እንደልብ አይተከልበትም። ሰፈሩ ጎመንና ጤና አዳም እንተክላለን ብሎ ከተስማማ በኋላ «አፈሩ ለምግብ አይሆንም» ማለት ጠብ መጥራት ነው።

እሺ የሚያስብል ጥያቄ

«ሰፈርዎ ይበልጥ አረንጓዴ ቢሆን ይወዳሉ?» ማን እምቢ ይላል? እንዲህ ያለ መጠይቅ ጊዜ ማባከን ነው። ይልቅ አሁን ቦታው ላይ ምን እንደሚደረግ ጠይቁ። ማታ በዚያ ታልፋላችሁ? ልጃችሁን ብቻውን ትልካላችሁ? መኪና የሚያቆምበትስ ማን ነው? ብዙ ጊዜ እውነተኛው ጠብ ያለው ፓርኪንጉ ላይ ነው። ሌሊት ሠርቶ የሚገባ የታክሲ ሹፌር ያቺን ጥግ ካጣት የት እንደሚያቆም ማንም አልጠየቀውም።

የመጣውን ብቻ መስማት

ማክሰኞ ማታ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ስብሰባ ይጠራል። የሚመጡት ሁሌም የሚመጡት ናቸው፦ ጡረታ የወጡ፣ የራሳቸው ቤት ያላቸው፣ የካውንስሉን ሠራተኛ በስሙ የሚጠሩ። መምጣታቸው ክፋት የለውም። ግን ሰፈሩ እነሱ ብቻ አይደሉም። በዚያ ሰዓት የእኛ ሰው ግማሹ ለሌሊት ፈረቃ እየወጣ ነው፤ እናቶች ልጅ እያበሉ ነው። በረመዳን አፍጥር ሰዓት ላይ ስብሰባ መጥራት ደግሞ ሙስሊሙን አትምጣ ከማለት አይለይም።

መድኃኒቱ ወደ ሰው መሄድ ነው። ቅዳሜ እዚያው መሬቱ ላይ ጠረጴዛ ዘርግታችሁ ሻይ አፍሉ። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ በሩ ላይ ቁሙ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አምስት ደቂቃ ለምኑ። ሊንክ ልኮ መጠበቅማ ውጤቱ የታወቀ ነው። እማማን ወክሎ ፎርሙን የሚሞላው የልጅ ልጃቸው ነው፤ የሚገባውም የእሱ ሐሳብ ነው። እማማ የፈለጉት ደገፍ ብለው የሚነሡበት እጀታ ያለው ወንበር ነበር።

ወንበር መፍራት

«ወንበር ከተደረገ ወጣት ይሰበሰባል» የሚል ሰው አይጠፋም። ስጋቱን ስሙት፤ ግን ወንበሩን አታስወግዱ። ኒው ዮርክ ማንሃተን ውስጥ በ1967 የተከፈተው ፔሊ ፓርክ ስፋቱ 400 ካሬ ሜትር እንኳ አይሞላም። ግን ሰው ወደፈለገው እየጎተተ የሚቀመጥባቸው ወንበሮች አሉት፤ የፏፏቴው ድምፅ ደግሞ የመኪናውን ጫጫታ ይውጠዋል። እስከ ዛሬ ሰው ይቀመጥበታል።

ወጣት ሲባል ደግሞ ወንዱ ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ ቪየና ውስጥ የተደረገ ጥናት ልጃገረዶች 9 ዓመት ካለፋቸው በኋላ ከፓርክ እንደሚጠፉ አሳየ። ሜዳውን ወንዶቹ ይይዙታል፣ እነሱ ይተዉታል። ከተማዋ ሁለት ፓርኮችን መንገድና የተለያየ መጫወቻ ጨምራ ስታስተካክል ሴቶቹ ተመለሱ። እናትና አባትን ብቻ ጠይቃችሁ ይህን አታገኙትም። ልጃገረዶቹን ለብቻቸው ጠይቁ።

ማን እንደሚጠርገው አለመጠየቅ

እንግሊዝ አገር ፓርክ ካውንስል በሕግ ግድ ከሚባልባቸው አገልግሎቶች ውስጥ የለም። በጀት ሲጠብ ቀድሞ የሚቆረጠው እሱ ነው። በሩን ማን ይቆልፋል? ቆሻሻው በሳምንት ስንት ጊዜ ይነሣል? ችግኙን በመጀመሪያዎቹ በጋዎች ማን ያጠጣል? ምክክሩ ላይ መልስ ካልተሰጠ በጎ ፈቃደኛ ይሠራዋል ማለታቸው ነው። ያ በጎ ፈቃደኛ ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ከነዋሪው በኩል የሚሠሩ ስህተቶች

በቃል ተናግሮ መሄድ አንዱ ነው። ስብሰባ ላይ የተጮኸው ሁሉ መዝገብ ላይ አይገባም፤ በኢሜይል ድገሙት። አንድ ደብዳቤ ኮፒ አድርጎ ሃምሳ ሰው ማስፈረምም ብዙ አያዋጣም። ከሱ ይልቅ «የእናቴ ዊልቸር በዚህ በር አያልፍም» የምትል የራሳችሁ ሁለት መስመር ትበልጣለች።

ገንዘብ የለም ሲባልም ዝም አትበሉ። ካውንስሉ ከአልሚዎች የመሠረተ ልማት ክፍያ የሚሰበስብ ከሆነ፣ ከዚያ 15 ከመቶው ግንባታው ላለበት አካባቢ የሚውል ድርሻ ነው፤ የጸደቀ የሰፈር ፕላን (ነዋሪው ራሱ የሚያወጣው የሰፈር ልማት ዕቅድ) ካለ ወደ 25 ከመቶ ያድጋል። ምን ያህል እንዳለና በምን ላይ እንደዋለ በጽሑፍ ጠይቁ።