ርዕሱ ነጥብ ብቻ የሆነው ኢሜይል

«አንተ፣ ርዕስ መጻፍ ተውክ እንዴ?» አለኝ ጓደኛዬ። ተንደርበርድ በሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም አመስጥሬ (ሌላ ሰው እንዳያነበው ቆልፌ) የምልክለት ኢሜይል ሁሉ ርዕሱ «...» ሆኖ ይደርሰዋል። የምስጠራ ቁልፌ የተበላሸ መስሎኝ አዲስ ልፈጥር ነበር። ደግነቱ አልቸኮልኩም።

ተንደርበርድ ከ2020ው 78ኛ እትም ጀምሮ ኦፕንፒጂፒ የተባለውን የኢሜይል ማመስጠሪያ ዘዴ በውስጡ ይዟል። ሲያመሰጥር ታዲያ ርዕሱንም ይደብቃል። ትክክለኛው ርዕስ ከመልእክቱ ጋር ታሽጎ ይሄዳል፤ ውጭ የሚታየው ነጥቡ ነው። የጓደኛዬ የድሮ ፕሮግራም ግን ከውስጥ አውጥቶ ማሳየት አያውቅበትም። ለካ ጣጣው ይሄ ነው!

የአካውንቴ ቅንብር ውስጥ ገባሁ፤ የምስጠራው ገጽ ላይ ርዕስን የማመስጠር ምርጫ አለ፣ ምልክቱን አነሳሁት። ሙከራ ላክሁ፤ ርዕሱ ፍንትው ብሎ ታየው። ያው፣ አሁን መንገድ ላይ ያለ ሰርቨር ሁሉ ያነበዋል። ስለዚህ ለእሱ ስጽፍ ርዕሴ «ሰላም ነው?» ብቻ ሆኗል።