ረቡዕ ዝናቡ ሊመለስ ነው፤ አልጋ ላይ ያለው ቡናስ?

ኅዳር ነው። ሰዉ ክረምቱ ወጣ ብሎ ቡናውን ማድረቂያ አልጋ ላይ አስጥቷል። በመሃል ግን ከረቡዕ ጀምሮ ዝናብና ብርድ ይመለሳል ይባላል። ጅማ ውስጥ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ማና ወረዳም ሂዱ ጎማ ወረዳ፣ ሰማዩ ሲጠቁር ሁሉም ላስቲክ ፍለጋ ይሮጣል። እኔን ከዝናቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ አሸፋፈኑ ነው። የስንት ወር ልፋት በአንድ ሌሊት ታፍኖ ሲበላሽ ማየት ያንገበግባል።

ዝናብ ሳይዘንብ ቡናው ረጥቦ አደረ

ጠዋት ላስቲኩን ስትገልጡ ከውስጥ በኩል ውሃ ይንጠባጠባል። ላይ ላዩን ያለው ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የሚደርቀው ቡና፣ ያብለጨልጫል። ላስቲኩ ተቀዶ ይሆን ብላችሁ ብትፈልጉ ቀዳዳ የለም። ውሃው የወጣው ከራሱ ከቡናው ነው። ቀን ፀሐይ ሲመታው የዋለ ቡና ማታም እርጥበት ያወጣል። እንፋሎቱ የቀዘቀዘውን ላስቲክ ሲነካ ውሃ ሆኖ መልሶ ቡናው ላይ ይወርዳል። ሌሊቱ በቀዘቀዘ ቁጥር ይብሳል።

ስለዚህ ላስቲኩ ቡናው ላይ አይተኛ። ከአልጋው ግራና ቀኝ ቀርከሃ ወይም ለጋ እንጨት አጉብጣችሁ ትከሉና በላዩ ወጥሩት። መሃሉ ከረገበ ውሃ ይቋጥራል። ጎንና ጎኑ ዝቅ ይበል፣ ሁለቱ ጫፎች ግን አየር ያስገቡ። ዝናቡ ሲያባራ ግለጡት። ጠዋትም ጤዛው እንደተነሳ ወዲያው ይገለጥ።

ጀንፈሉ ተጣብቋል፣ ነጭ ነገርም ጀምሮታል

ሻጋታ ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሁለት ነው፤ ቡናው ወፍሮ ተሰጥቷል፣ ወይም ፀሐይ የለም ተብሎ ሳይገላበጥ ውሏል። እንዲያውም ማገላበጥ ይበልጥ የሚያስፈልገው በደመና ቀን ነው። እሸቱ፣ ማለትም ገና ያልደረቀው ቀይ ፍሬ፣ ሲሰጣ ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር አይለፍ፤ ደመና ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይሳሳ።

የሻገተውን ለቅማችሁ አውጡ፤ ከደህናው ጋር አትቀላቅሉ። ማጠብ አያድነውም። አንዳንዱ ሻጋታ ኦክራቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ ይህን መርዝ መቁላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ለቤት ይሁን ብሎ ማስቀረትም ልክ አይደለም፤ ልጆቻችን ይጠጡታል።

ትናንት ይንኳኳ የነበረው ዛሬ ድምፁ ጠፋ

አንድ እፍኝ ጀንፈል ጆሯችሁ አጠገብ አድርጋችሁ ነቅንቁ። የደረቀ ከሆነ ፍሬው ገለባው ውስጥ ኳ ኳ ይላል። ከዝናቡ በኋላ ድምፁ ከታፈነ እርጥበት መልሶ ስቧል ማለት ነው። ቡናው ወደ ጆንያ የሚገባው እርጥበቱ ከ12 በመቶ ሳይበልጥ ነው። እንደገና የረጠበውን ሳትከቱ አሳስታችሁ አስጡት።

ይህ እንዳይደርስ ሥራው ማክሰኞ ማለቅ አለበት። ላስቲክና ቦታ ካልበቃ ቅድሚያ ለደረቀው ስጡ። ዛሬ የተለቀመ እሸት ገና ውሃ ስለሆነ ትንሽ ዝናብ ቢነካው ጉዳቱ ያንሳል። ደርሶ የነበረ ጀንፈል ሲረጥብ ግን ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ የደረቀውን ሳይረጥብ በቃጫ ጆንያ አድርጋችሁ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ደርድሩ፤ ግድግዳ አይንካ። ከናፍጣና ከጭስም ይራቅ፣ ቡና ሽታ ይስባል።

እሸቱ ኮምጣጣ ሽታ አመጣ

ተለቅሞ ተከምሮ አድሯል ማለት ነው። ወዲያው በትኑት፣ ለብቻውም አድርቁት። ረቡዕ አልጋ ከሌላችሁ ለቀማውን አቆዩት። ቀይ እሸት ለአንድ ሁለት ቀን ከክምር ይልቅ ዛፉ ላይ ይሻለዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቶሎ ይድረቅ ብሎ ቡና ባለበት ቤት ከሰል የሚያያይዝ አለ። ቡናው ጭስ ጭስ ይላል፤ ያ ይቅር። ግን በዚያ ብርድ በርና መስኮት ተዘግቶ ሰው አብሮ ካደረ የከሰሉ ጋዝ ይገድላል። ከሰሉ ከቤት ይውጣ።