አውሮፓን በአንድ የባቡር ፓስ እንዴት መዞር ይቻላል? ከፍራንክፈርት እስከ ሚላኖ በአራት የጉዞ ቀናት

የአውሮፓ የባቡር ፓስ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት በ33 አገሮች ባቡር ለመሳፈር የሚያስችል ቲኬት ነው። ብዙ ሰው ፓሱን እንደገዛ ያገኘው ባቡር ላይ ሁሉ መውጣት የሚችል ይመስለዋል። በጀርመን፣ በኦስትሪያና በስዊዘርላንድ ነገሩ ከሞላ ጎደል እንደዚያ ነው። በፈረንሳይ፣ በጣሊያንና በስፔን ፈጣን ባቡሮች ግን ፓስ ያለውም ሰው አስቀድሞ ወንበር ማስያዝና ለዚያም ለብቻው መክፈል አለበት። ስለዚህ ፓሱ የሚያዋጣ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው የሚመርጡት መስመር ነው። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጓዝ ሰው የምመክረው ከፍራንክፈርት ተነስቶ በሙኒክ፣ በቪየናና በዙሪክ አድርጎ አልፕስን በማቋረጥ ሚላኖ የሚያበቃውን መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ፍራንክፈርትም ሚላኖም ስለሚበር፣ በአንዱ ገብቶ በሌላው መመለስ ይቻላል።

በመጀመሪያ የትኛው ፓስ እንደሚገባዎ ይለዩ

ሁለት ዓይነት ፓስ አለ። ዩሬይል ከአውሮፓ ውጭ ለሚኖሩ፣ ኢንተርሬይል ደግሞ አውሮፓ ውስጥ ለሚኖሩ ነው። ዩሬይል እ.ኤ.አ. በ1959 ነው የተጀመረው። ኢንተርሬይል በ1972 ሲጀመር እስከ 21 ዓመት ላሉ ወጣቶች ብቻ ነበር፤ ዛሬ ዕድሜ አይገድበውም። መለያው በዋናነት የሚኖሩበት አገር ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ በመኖሪያ ፈቃድ ስቶክሆልም ወይም ሙኒክ የሚኖር ሰው ኢንተርሬይል ይገዛል፤ አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ የሚኖር ደግሞ ዩሬይል ይገዛል።

በኢንተርሬይል ላይ አንድ ገደብ አለ። በሚኖሩበት አገር ውስጥ ፓሱ የሚያገለግለው ለአንድ የመውጫና ለአንድ የመመለሻ ቀን ብቻ ነው። ፍራንክፈርት የሚኖር ሰው ሙኒክ ላይ አድሮ በማግስቱ ወደ ቪየና ቢቀጥል ሁለቱንም ቀኖች ይጨርሳቸዋል። ለእሱ የሚሻለው በአንድ ቀን በቀጥታ ቪየና መግባት ነው።

ዕድሜዎ 27 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ዋጋው ሩብ ያህል ይቀንሳል። ከ60 ዓመት ጀምሮ ላሉም ከመቶ 10 ቅናሽ አለ። ከ4 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች ከአዋቂ ጋር እስከ ሁለት ድረስ በነፃ ይጓዛሉ፤ ነገር ግን የየራሳቸው የልጅ ፓስ ከእርስዎ ፓስ ጋር አብሮ መውጣት ስላለበት በግዢው ጊዜ እንዳይረሱት።

ቪዛውን ከመስመሩ ጋር ያገናኙ

ይህን ክፍል በተለይ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዙ ሰዎች ረጋ ብለው እንዲያነቡት እፈልጋለሁ። የባቡር ፓሱ ብሪታኒያን፣ ሰርቢያን፣ ቦስኒያንና ቱርክን ሁሉ ይሸፍናል። የሸንገን ቪዛ ግን እነዚህን አይሸፍንም። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2024) ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ በመደበኛነት እንዳይሰጥ፣ የማመልከቻው መመርመሪያ ጊዜም ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ እንዲል አድርጓል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ሰው ከቡዳፔስት ቤልግሬድ ወይም ከፓሪስ ለንደን ደርሶ ልመለስ ቢል ወደ ሸንገን የሚመለስበት ፈቃድ አይኖረውም። ባቡሩ ያደርሰዋል፣ ፓሱም ይፈቅድለታል፤ ድንበር ላይ ግን ይቆማል።

ከላይ የጠቆምኩት መስመር የሚያልፍባቸው አራቱም አገሮች፣ ማለትም ጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ ስዊዘርላንድና ጣሊያን፣ ሸንገን ውስጥ ናቸው። ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም በሸንገን ስምምነት ውስጥ ስለሆነች አያሳስብም።

የሚያመለክቱት ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር ኤምባሲ ነው፤ የሚቆዩባቸው ቀናት እኩል ከሆኑ መጀመሪያ ለሚገቡበት። ስለዚህ በየከተማው ስንት ሌሊት እንደሚያድሩ ከማመልከትዎ በፊት በወረቀት ላይ ያስፍሩ። ቢያንስ የ30,000 ዩሮ ሽፋን ያለው የጉዞ መድን ያስፈልጋል። ፓሱን ግን ቪዛው እጅዎ እስኪገባ አይግዙት። በስልክ የሚሠራው ፓስ በኢሜይል ወዲያው ስለሚደርስ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ለመክፈል በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ስለሚያስፈልግ፣ ባንክዎ ለተጓዦች ዓለም አቀፍ ካርድ የሚሰጥ ከሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

የጉዞ ቀናትን ይቁጠሩ

ሁሉንም አገሮች የሚሸፍነው ፓስ በሁለት መልክ ይሸጣል። አንዱ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የመረጧቸውን ጥቂት ቀናት ብቻ የሚያስጉዝ ነው፤ ለምሳሌ በአንድ ወር ውስጥ 4፣ 5 ወይም 7 ቀን፣ በሁለት ወር ውስጥ 10 ወይም 15 ቀን። ሌላው ለ15 ቀን፣ ለ22 ቀን ወይም ከአንድ እስከ ሦስት ወር በየቀኑ የሚያገለግል ነው። በየከተማው ሁለት ሦስት ቀን ለሚቆይ ሰው የመጀመሪያው በቂ ነው። የእኛ መስመር የሚፈልገው አራት የጉዞ ቀን ብቻ ነው፦ ፍራንክፈርት–ሙኒክ፣ ሙኒክ–ቪየና፣ ቪየና–ዙሪክ፣ ዙሪክ–ሚላኖ። የአራት ቀኑ ፓስ በሁለተኛ ማዕረግ ለአዋቂ ወደ 300 ዩሮ ይጠጋል።

አንድ የጉዞ ቀን ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ነው፤ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ማለት ነው። በዚያ ቀን የፈለጉትን ያህል ባቡር መቀያየር ይችላሉ። የሌሊት ባቡር ከእኩለ ሌሊት በፊት ከተሳፈሩ የሚቆጠርብዎ የተነሱበት ቀን ብቻ ነው፤ በማግስቱ ከወረዱ በኋላ ሌላ ባቡር ከያዙ ግን አዲስ ቀን ይጀመራል።

የሁሉም ቀን ጉዞዎ ከወር ሁለት ወር በፊት ቁርጥ ያለ ከሆነና ፈረንሳይ፣ ጣሊያንና ስፔን ብቻ የሚዞሩ ከሆነ፣ ፓስ ከመግዛት ይልቅ ቲኬቱን በየመንገዱ ቀድሞ መግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ፓሱ ዋጋውን የሚመልሰው ረጅም መንገድ ሲጓዙበት፣ ቲኬት ውድ በሆነበት በስዊዘርላንድ ሲጠቀሙበት፣ ደግሞም «ዛሬ ዝናብ ነው፣ ነገ እሄዳለሁ» ማለት ሲፈልጉ ነው። የሃያ ደቂቃ መንገድ ለመሄድ የጉዞ ቀን አያቃጥሉ፤ ለእሱ ተራ ቲኬት ይግዙ።

ወንበር ማስያዝ የሚያስፈልግበትን ይወቁ

የጀርመን አይሲኢና የኦስትሪያ ሬይልጄት የተባሉት ፈጣን ባቡሮች በአብዛኛው ያለ ማስያዣ ይሳፈሩባቸዋል። ቅዳሜና እሁድ ወይም በበዓል ሰሞን ግን መቆም ሊመጣ ስለሚችል፣ ለቪየና–ዙሪክ መንገድ በጥቂት ዩሮ ወንበር ማስያዝ አይቆጭም። የፈረንሳዩ ቴዤቬ ከ10 እስከ 20 ዩሮ፣ የጣሊያኑ ፍሬቻሮሳ 13 ዩሮ ገደማ፣ ወደ ለንደን የሚሻገረው ዩሮስታር 30 ዩሮና ከዚያ በላይ ያስከፍላሉ። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስቸግረው በአንዳንዶቹ ላይ ለፓስ ባለቤቶች የተመደበው ወንበር ቁጥሩ የተወሰነ መሆኑ ነው፤ በአውሮፓ በጋ (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) ቀድሞ ያልቃል። የሌሊት ባቡር ሁልጊዜ ማስያዣ ይፈልጋል። ርካሾቹ ባቡሮች ፍሊክስትሬይንና የፈረንሳዩ ዊጎ ደግሞ ከነጭራሹ ፓሱን አይቀበሉም።

ፓሱን በስልክዎ ያስጀምሩ

ሬይል ፕላነር የተባለውን መተግበሪያ ስልክዎ ላይ ይጫኑ። በኢሜይል የተላከልዎን የፓስ ቁጥርና የቤተሰብ ስም ሲያስገቡ ፓሱ ይገባል። እኛ በቤተሰብ ስም ምትክ የአባትና የአያት ስም ስለምንጠቀም፣ ሲገዙ ስምዎን ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈው ይሙሉ፤ ተቆጣጣሪው ሁለቱን ሊያስተያይ ይችላል። ቀጥሎ የፓስፖርት ቁጥርዎን ሞልተው የሚጀምሩበትን ቀን ይመርጣሉ። ፓሱ ከተገዛ በ11 ወር ውስጥ መጀመር አለበት።

ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ባቡር ሥራው አንድ ዓይነት ነው። መነሻና መድረሻውን ይፈልጋሉ፣ ባቡሩን ወደ ጉዞዎ ዝርዝር ያስገባሉ፣ ከፓሱ ጋር ያያይዙታል። የቀኑ ቲኬት በኪውአር ኮድ መልክ ይወጣል። ይህን ሁሉ ከመሳፈርዎ በፊት ይጨርሱ፤ ያለ ቲኬት ተሳፍሮ መገኘት ቅጣት ያስከትላል። ሐሳብዎን ከቀየሩ ቀኑ ከመጀመሩ በፊት መሰረዝ ይችላሉ። ቲኬቱ ያለ ኢንተርኔት ይታያል፤ መተግበሪያው ግን ቢያንስ በየሦስት ቀኑ ኢንተርኔት ማግኘት አለበት። በአውሮፓ ኅብረት አገር የተገዛ ሲም ካርድ ስዊዘርላንድ ሲገቡ ተጨማሪ ሊያስከፍል ስለሚችል፣ የዙሪኩን ቀን ቲኬት ቪየና እያሉ ያዘጋጁ። የስልክ ባትሪ ካለቀ ቲኬትም የለምና ተንቀሳቃሽ ባትሪ መሙያ ይያዙ።

ጣቢያውና ፉርጎው ውስጥ

ፍራንክፈርት ሲያርፉ የረጅም ርቀት ባቡር ጣቢያው አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ነው። የሰዓት ሰሌዳው በ24 ሰዓት የተጻፈ ስለሆነ 13:04 የሚለው በእኛ ከቀኑ 7:04 ነው። በጀርመን ጣቢያዎች ቢጫው ወረቀት የመነሻ ሰዓት ይዘረዝራል። ከባቡሩ ቁጥር አጠገብ የሐዲዱን ቁጥር ያገኛሉ፤ በመጨረሻው ደቂቃ ሊቀየር ስለሚችል ድምፅ ማጉያውንና ሰሌዳውን ይከታተሉ። አንዳንድ ባቡር መንገድ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ተለያየ ከተማ ይሄዳል። በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ የእርስዎን መድረሻ መጻፉን ሳያዩ አይግቡ።

ወንበር ካላስያዙ ከመቀመጫው በላይ ወይም አጠገብ ያለችውን ትንሽ ሰሌዳ ያንብቡ። የሁለት ከተሞች ስም ከተጻፈበት ወንበሩ በእነዚያ ከተሞች መካከል የተያዘ ነው፤ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ሊቀመጡበት ይችላሉ። ፓስፖርቱን ከላይ በተሰቀለው ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ኪስዎ ውስጥ ያድርጉ፤ በኦስትሪያና በጀርመን ድንበር ፖሊስ ገብቶ ሊጠይቅ ይችላል። ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል። ለጾመኛ የባቡሩ ምግብ ቤት አማራጩ ጥቂት ነውና ስንቅ ቋጥሮ መነሳት ይሻላል።

መዘግየት እንደሚኖር አስቀድመው ይቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጀርመን የረጅም ርቀት ባቡሮች በሰዓታቸው የደረሱት ከመቶ 62 ገደማ ብቻ ናቸው። ባቡር መቀየር ሲኖርብዎ በመካከሉ ቢያንስ የግማሽ ሰዓት ክፍተት ይተዉ። ካመለጠዎት ግን ማስያዣ በማይጠይቁት ባቡሮች ላይ ፓስ የያዘ ሰው ቀጣዩን ጠብቆ ይሳፈራል፤ አዲስ ቲኬት አይገዛም።

ሦስተኛውና አራተኛው ቀን፦ አልፕስን ማቋረጥ

ቪየና–ዙሪክ ስምንት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ሲሆን በሌሊት ባቡርም ሊሄዱት ይችላሉ። እኔ ግን በቀን ይሁን እላለሁ፤ ከኢንስብሩክ በኋላ ያለውን ተራራ ተኝቶ ማለፍ ያሳዝናል።

ከዚያ የሚበልጠው ከዙሪክ ወደ ሚላኖ የሚወስደው መንገድ ነው። ማለዳ ከዙሪክ ኩር ወደተባለችው የስዊዘርላንድ ከተማ ይሂዱ፤ እዚያ በጠባብ ሐዲድ እስከ ጣሊያኗ የድንበር ከተማ ቲራኖ የሚሄደውን ቀዩን ባቡር ይይዛሉ። በርኒና ኤክስፕረስ የተባለው ባለ ትልልቅ መስኮት የቱሪስት ባቡር ማስያዣና ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል። በዚያው ሐዲድ ላይ የአካባቢው ሰው የሚሳፈርበት ተራ ባቡር አለ፤ ፓሱ ብቻውን ይበቃዋል። ሳንክት ሞሪትዝ ላይ መቀየር ቢኖርብዎም ይህን እመርጣለሁ። በአንዳንዱ ፉርጎ መስኮቱ ስለሚከፈት ነፋሱን እየተቀበሉ ፎቶግራፍ ማንሳት ይቻላል።

በስተቀኝ ይቀመጡ። ፊሊዙር ከመድረሱ በፊት ባቡሩ 65 ሜትር ከፍታ ባለው የላንድቫሰር የድንጋይ ድልድይ ላይ እየተጠማዘዘ ሄዶ በቀጥታ ገደሉ ውስጥ ወደተፈለፈለው ዋሻ ይገባል። ከሳንክት ሞሪትዝ በኋላ ለዳገት የሚረዳ ጥርሳም ጎማ ሳይኖረው እየወጣ 2,253 ሜትር ላይ ኦስፒትሲዮ በርኒና ይደርሳል። ከፍታው ከአዲስ አበባ ብዙም አያንስም፤ ከመስኮቱ ማዶ የሚታየው ግን የበረዶ ግግር ነው። ከዚያ ቁልቁለቱ ይጀምራል። በየመቶው ሜትር እስከ ሰባት ሜትር እየወረደ፣ ብሩዚዮ ላይ ዘጠኝ ቅስት ባለው ክብ ድልድይ ዞሮ በራሱ ድልድይ ሥር ያልፋል። ወደ ኋላ ቢመለከቱ የሚከተሉዎትን ፉርጎዎች ከጎንዎ ያዩዋቸዋል። የኩር–ቲራኖ መስመር አካል የሆነው የአልቡላና የበርኒና ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ቲራኖ 429 ሜትር ላይ ነው፤ በጣሊያን ሙቀት ውስጥ፣ በእርከን በተተከሉ ወይኖች ሥር ይወርዳሉ። የጣሊያኑ ጣቢያ ከስዊዘርላንዱ ጎን ስለሆነ በእግር ጥቂት እርምጃ ነው። የሚላኖው የክልል ባቡር ወንበር ማስያዝ አይጠይቅም፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ከሚላኖ ማዕከላዊ ጣቢያ ወደ ማልፔንሳ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄደው ባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ የሚበሩት በሌላ ቀን ከሆነ አራቱ የፓስ ቀናት ስላለቁ ለእሱ ለብቻው ቲኬት ይግዙ።