የሐዋሳ ማዕድ ቤት፦ ቁጠባው ከምጣዱ ይጀምራል

ስለ ቁጠባ ሲነሳ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ፌስታልን ነው። እሱ ግን ቀላሉ ነው፤ ዘንቢል ይዞ ገበያ መውጣት ብቻ ይበቃዋል። የእኛን ማዕድ ቤት ጉልበት የሚጨርሰው ሌላ ነው፦ ምጣዱ፣ ግማሽ ቀን የሚንተከተከው ንፍሮና የቡናው ከሰል።

የቤት ኤሌክትሪክ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ባለ 3.5 ኪሎዋቱ ለመጋል 15 ደቂቃ ከፈጀበት፣ አንድ እንጀራ እንኳ ሳይወጣ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሄዷል። በሳምንት አራቴ የምትጋግሩ ከሆነ ይህን አራቴ ትከፍላላችሁ። ሁሉን በአንድ ቀን ጋግሮ መጨረስ ደግሞ በሐዋሳ ሙቀት አያዋጣም፤ እንጀራው ሳምንቱ ሳይጋመስ ይሻግታል። የሚሻለው በሳምንት ሁለቴ መጋገር ነው። ከጎረቤት ጋር ተነጋግራችሁ ሊጣችሁን በአንድ ቀን ብታደርሱና በጋለ ምጣድ ተከታትላችሁ ብትጋግሩ ደግሞ የማጋያውን ወጪ ለሁለት ትካፈላላችሁ።

ሶኬቱን ከመሰካታችሁ በፊት ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ቀጥኖ፣ ማሰሻውና ሰፌዱ አጠገባችሁ ይሁን። ምጣዱ የሚግለው አክምባሎው ተከድኖ ነው፤ ክፍት ምጣድ የሚያሞቀው ጣሪያውን ነው። መጋሉን ለማወቅ ጥቂት ሊጥ ጠብ አድርጉበት፤ ወዲያው ዐይን ካወጣ ጀምሩ። የመጀመሪያው እንጀራ ዐይን አልባ ከሆነ ምጣዱ አልጋለም፤ ሁሉም እንዲያ ከሆነ ግን ጥፋቱ የሊጡ ነው፣ ወይ ወፍሯል ወይ በደንብ አልቦካም። ሁለት ወይም ሦስት እንጀራ ሲቀራችሁ አጥፉት፤ ሸክላው የያዘው ሙቀት ይጨርሰዋል። የመጨረሻው ነጣ ብሎ ከተጣበቀ ቸኩላችኋል፣ በሚቀጥለው አንድ እንጀራ ያህል አዘግዩ። ከዚያም በቀሪው ሙቀት ድርቆሽ አድርቁበት።

በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ፣ እርጥብ ጨርቅም አታሳርፉ። ሸክላው ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባ ውሃ ደግሞ ከሥር ያለውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ይነካል፣ አደጋው እዚያ ላይ ነው። የተሰነጠቀ ምጣድ ይቀየር እንጂ በሊጥ አይደፈን።

ወደ ንፍሮው እንምጣ። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቦሎቄና ሽምብራ እዚህ ለመብሰል ረዘም የሚልባቸው ለዚህ ነው፤ እሳት መጨመር የውሃውን ሙቀት ከዚያ አያሳልፈውም፣ ውሃውን ያተናል እንጂ። መፍትሔው መዘፍዘፍና ሙቀትን ማፈን ነው።

ግማሽ ኪሎ ቦሎቄ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ዘፍዝፉና ውሃውን ድፉት። በሁለት ሊትር አዲስ ውሃ ጣዱትና ከተንተከተከበት ጊዜ አንስቶ ለ15 ደቂቃ በኃይል ይፍላ። ይህችን አትዝለሉ፤ በተለይ ቀዩ ቦሎቄ በደንብ ካልፈላ ሆድ የሚያውክ መርዝ አለው፣ ለብ ባለ ሙቀት ብቻ ደግሞ አይጠፋም። ድስቱ ሳይከፈት ከሥሩም ከጎኑም 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ገለባ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ በተጠቀጠቀበት ካርቶን ውስጥ አስቀምጡትና ከላይም በዚያው ውፍረት ሸፍኑት። ከሦስት እስከ አራት ሰዓት በኋላ አውጥታችሁ እንደገና አፍሉት፤ ጠጠር ካለ እሳቱ ላይ ይጨርስ። ድስቱ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው የተሞላ ይሁን፤ ጎዶሎ ድስት ቶሎ ይቀዘቅዛል። «ልየው» ብሎ መክፈትም ሥራውን ሁሉ ማበላሸት ነው። ካርቶን ውስጥ አታሳድሩት፤ ለብ ባለ ምግብ ባክቴሪያ ይራባል። ቲማቲም ወይም ሎሚ ቀድሞ ከገባ ጥሬው አይለሰልስም፣ መጨረሻ ላይ ጨምሩ። ለምስር ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም፣ ቶሎ ይበስላል።

ለቡና ክፍት የብረት ማንደጃውን ትታችሁ ላቀች ምድጃ ብትጠቀሙ ከሰል ይተርፋችኋል፤ ውስጡ ሸክላ ስለሆነ ሙቀቱን ይይዛል። ከበረካ በኋላ የቀረውን ፍም በውሃ አታጥፉት። ጥብቅ ክዳን ባለው የቆርቆሮ ጣሳ አፍኑትና ደጅ ይደር፤ ለነገው ቡና ማስጀመሪያ ይሆናል። ጣሳውን ቤት ውስጥ ማሳደር አይሆንም፣ ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሳይሸት ይገድላል።

እንጀራ ሙቅ ሆኖ አይደራረብ፤ እያንዳንዱ በሰፌድ ላይ በረድ ይበልና መሶብ ይግባ። ላቡ መውጫ ካጣ ሻጋታው በማግስቱ ይመጣል። ሁለተኛው ቀን ላይ የተረፈውን ቆራርሳችሁ ፀሐይ ላይ ሳይደራረብ አስጡት፣ ድርቆሽ ይሆናል። የሻገተውን ግን ፍቆ መብላት የለም፤ የሻጋታው ክር ከሚታየው ቦታ አልፎ ገብቷል።

የተጠበሰበት ዘይት የሐዋሳ ሰው ከሌላው ይልቅ ሊጠነቀቅበት ይገባል። ሐይቃችን መውጫ ወንዝ የለውም፤ በቦዩ የገባው እዚያው ይቀራል። ዘይቱ ሲበርድ አጥልሉትና በጠርሙስ ክደኑት፤ ሁለቴ ሦስቴ ከጠበሰ በኋላ፣ ወይም ከጠቆረና ከመጀመሪያው መጭስ ካበዛ፣ ይበቃዋል። ያን ጊዜ በደረቅ አመድ ወይም በመጋዝ ብናኝ አስመጥጣችሁ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር አውጡት። ቅባታም ድስትም ከመታጠቡ በፊት በአመድ ይጠረግ፤ ሳሙናውም ውሃውም በግማሽ ይበቃል።

ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ቆሮሶ ስትገዙ ሥጋውን ብቻ አስነጥላችሁ አትሂዱ፤ ጭንቅላቱንና አጥንቱን ጠይቁ። ሾርባው ከእሱ ነው የሚወጣው። ከሾርባው የተረፈው አጥንት ግን ወደ ብስባሽ አይገባም፣ ውሻና ዝንብ ይጠራል። 40 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ቅበሩት።

ለብስባሹ ከሥሩ የተበሳ ባለ 20 ሊትር ባልዲ ይበቃል። አንድ እጅ የሙዝና የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት፤ ሁለት እጅ ደረቅ ቅጠል ወይም ገለባ። በሳምንት አንዴ አገላብጡት። በእጅ ሲጨመቅ አንድ ሁለት ጠብታ የሚያወጣ እርጥበት ነው ልኩ። ከሸተተ ረጥቧል፣ ደረቅ ቅጠል ጨምሩ፤ ሳይለወጥ ከከረመ ደርቋል፣ አትክልት ያጠባችሁበትን ውሃ ረጩበት። አመድ ከእፍኝ አይብለጥ። የአቮካዶው ፍሬ ሙሉውን ከገባ ለወራት እንዳለ ይቀመጣል፤ በሙቀጫ ከስክሱት።